የቤቱን ስልክ ከመተው በፊት፤ ስለ ቤት ኢንተርኔት ምርጫ ለቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቍጠር እንደሚገባው ያስተምራል። ይህ ትምህርት ለትልልቅ ሕንፃ ሠሪዎች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በየቤታችን ለምናደርገው ለጥቃቅኑም ሥራ የሚጠቅም ነው። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ብዙ ቤተ ሰብ ከአባት የወረሰውን የቤት ስልክ ትቶ በምትኩ የቤት ኢንተርኔት ለማስገባት ያስባል። አሳቡ ዘመኑ ያመጣው ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የሚተወው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ፥ የሚይዘውንም ሳይመረምር የሚዋዋለው ሰው ብዙ መሆኑን ስላየሁ፥ ለተከበሩ የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

የስልክ ታሪክ በአገራችን ረዥም ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1882 ዓ.ም. ግድም፥ በልዑል ራስ መኰንን አማካይነት ከኢጣልያ አገር መጥቶ በቤተ መንግሥት እንደ ተተከለ ይነገራል። ሰው ሳይታይ ድምፅ በሽቦ ሲመጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከአሳባቸው እንዳልተመለሱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ ነው። ከዚያም በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር መሥመር ተዘረጋ። በ1945 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም ተመሠረተ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስልክ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው «ተራዬ መቼ ይደርሳል?» ይል ነበር እንጂ «ከማን ልግዛ?» አይልም ነበር። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 1148/2011 ወጥቶ፥ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው። እንደዚሁም የሌላውን መሥመር እየተከራዩ ኢንተርኔት ለየቤቱ የሚያከፋፍሉ የግል ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ በዚህ ነገር መምረጥ ራሱ ለኛ አዲስ ትምህርት ነው።

ከመምረጥ በፊት ግን አሮጌው ስልክ ለቤታችን ሲያደርግልን የነበረውን እንመርምር። ውለታው ሦስት ነው።

አንደኛው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም ነበር። ምክንያቱም በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ስልክ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ ከቤታችን ሳይሆን ከስልክ ጣቢያው፥ በዚያው በሽቦው ላይ ይላክለታል፤ መጠኑም 48 ቮልት ያህል ነው። ጣቢያው የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሲሆን እንኳ ስልኩ ይጮኻል። ከግድግዳ መብራት ጋር የሚሰካው ሽቦ አልባ መነጋገሪያ ብቻ ከዚህ ውጭ ነው።

ሁለተኛው፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤቱ ስልክ ነበር። የእጅ ስልክ ባለቤቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ የቤቱ ስልክ ግን በጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ አሽከርም ቢሆን፥ ሕፃንም ቢሆን፥ አሮጊትም ብትሆን ያነሣዋል።

ሦስተኛው፤ ቍጥሩ ሳይለወጥ ብዙ ዘመን ይኖራል። ልጆች ቢለያዩ፥ ዘመድ ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ፥ በልብ የተያዘው ያ ቍጥር ወደ ቤት መመለሻ መንገድ ነበር።

ይህን ሦስተኛውን ውለታ እኔ ያወቅሁት በጥፋቴ ነው። ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ በሳሎናችን ጥግ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ስልክ «ማን ይደውልበታል፤ በከንቱ ወርኃዊ ኪራይ እንከፍላለን» ብዬ አዘጋሁት። በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ በአየር የሚሠራ የኢንተርኔት ሣጥን አምጥቶ «በየትኛውም ክፍል ይሠራል» ሲለኝ አምኜ ተዋዋልሁ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ከአንድ ወር በኋላ ግን የእናቴ ታናሽ ወንድም በአገር ቤት ዐረፉ። አክስቴ በልባቸው የያዙት ያንን የቤቱን ቍጥር ብቻ ስለ ነበረ ሌሊት ደወሉ፤ በማግሥቱም ደወሉ፤ የሚመልስላቸው አልነበረም። ወሬው በሰው በሰው ዞሮ ለእኛ የደረሰው በሦስተኛው ቀን፥ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። እናቴ በዚያ ቀን አልተቈጡኝም። ብቻ ባዶውን ጠረጴዛ ተመልክተው «ልጄ፥ አንተ ስልክ የዘጋህ መስሎህ ነው፤ የዘጋኸው በር ነው» አሉኝ። በወንድማቸው ቀብር ያልቆሙ ሰው ኀዘን እንዴት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጥፋት ሌላው እንዳይወድቅ፥ ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባባቸውን መንገዶች በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዶቹም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በዚያው በአሮጌው የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ነው። ይህ ሽቦ ለሰው ድምፅ ብቻ ተብሎ የተዘረጋ ስለ ነበረ፥ ኢንተርኔት ሲጫንበት ከጣቢያው በራቀ መጠን ይደክማል። በጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት በደኅና ሽቦ እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሊያገኝ ሲችል፥ አምስት ኪሎ ሜትር የራቀው ጥቂቱን ብቻ ያገኛል። ዝናብ የገባበት መጋጠሚያም ያውከዋል። ኢንተርኔቱ በዚህ ሽቦ የሚመጣለት ሰው በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚያመጣው አንድ ሽቦ ስለ ሆነ፥ ስልኩን ላዘጋ ሲል ኢንተርኔቱም አብሮ እንዳይቈረጥ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ፋይበር የሚባለው ነው። ይህ ከፀጉር እምብዛም በማይወፍር የመስተዋት ክር ውስጥ በብርሃን የሚላክ ነው። ርቀት ብዙ አያደክመውም፤ ውሃም እንደ መዳቡ አያውከውም፤ ከሦስቱም የበለጠ ኃይል ያለው ይህ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ ፋይበር የደረሰለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ቢመረምር ይበጀዋል። አንድ ጕድለት ግን አለበት፤ መስተዋት ኤሌክትሪክ አይሸከምምና በቤት ያለው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስልክ በፋይበሩ ላይ ቢጨመርም እንኳ ያው ነው።

ሦስተኛው በአየር የሚመጣው ነው። በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ሣጥን ሲም ካርድ ይዞ እንደ እጅ ስልክ ከማማው ጋር ይነጋገራል። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ይህን ያቀርባሉ። ሽቦ መሳብና ቦይ መቈፈር የለበትም፤ ተከራይ የሆነ ሰው ቤት ሲለውጥ ይዞት ለመሄድ ይመቸዋል። ነገር ግን ማማው የሰፈሩ ሁሉ የጋራ ምንጭ ነው። ማለዳ ውሃ የቀዳና ሰው ሁሉ በተሰበሰበ ጊዜ የመጣ እኩል እንደማይቀዱ፥ እንደዚሁ ሌሊት ፈጣን የነበረው ሣጥን በምሽት ሰዓት ይዘገያል። በገደል ሥር ያለ ቤት፥ ወይም በረዥም ሕንፃ የተጋረደ ቤት ደግሞ ከማማው የሚደርሰው ጥቂት ነው።

በሌላ አገርም ይህ ጕዳይ ታላላቆችን አሳስቧል። በእንግሊዝ አገር አሮጌው የመዳብ ስልክ ፈጽሞ የሚዘጋበት ቀን በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በኋላ ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ሕሙማን በአደጋ ጊዜ ረዳት የሚጠሩባቸው መሣሪያዎች በዚያው ስልክ ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ መሥመሩ ሲለወጥም ያልሠሩ ስለ ተገኙ፥ ቀኑ ወደ ጥር 2027 ተሻገረ። እኛም ከዚህ የምንማረው በቤታችን ካሉት ሁሉ ይልቅ ስልኩ ለማን ይበልጥ እንደሚያስፈልግ አስቀድመን እንድንጠይቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው በምርጫው ቀን ቃል ለማይጠየቀው ሰው ነውና።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ሻጭ ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ነው። ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት ነው፤ የፊልምና የመጽሐፍ ክብደት ግን የሚነገረው በሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለ ሆነ፥ 8 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሚል ውል በእውነቱ በሰከንድ አንድ ሜጋ ባይት ብቻ ያመጣል። በዚህ ፍጥነት አንድ ጊጋ ባይት የሚመዝን ፊልም ለመውረድ 17 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ስምንት ብለውኝ አንድ ሰጡኝ» ብሎ ሙግት ይጀምራል፤ ሙግቱም አይረታለትም።

ለአንድ ቤት ምን ያህል ይበቃል? በጠራ ሥዕል ፊልም ለማየት 5 ሜጋ ቢት ያህል፥ በሥዕል እየተያዩ ለመነጋገር ወይም ለጉባኤ 3 ያህል፥ ለሌላው ለመልእክትና ለንባብ 2 ያህል ይበቃል። እንግዲህ በአንድ ምሽት በሁለት ክፍል ፊልም ቢታይ፥ ልጅ በጉባኤ ትምህርቱን ቢከታተል፥ አባትም ደብዳቤውን ቢያነብ ጠቅላላው 15 ሜጋ ቢት ነው። ለመጠባበቂያ ጥቂት ቢጨመር 20 ይበቃል። እጅግ የሠለጠነና ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ግን ለአንዱ ፊልም ብቻ 15 እና ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ ስሌቱን እንደ ቤቱ ያድርግ። ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፎ የሚሄድ ሰው ለቤቱ የማያስፈልገውን 100 ሜጋ ቢት በውድ ዋጋ አይገዛም፤ በርካሽ ተታልሎም 4 ሜጋ ቢት ለስምንት ሰው አይወስድም። ከሚወርደው ፍጥነት ሌላ የሚወጣው ፍጥነት እንዳለም ይወቅ። በሥዕል ከዘመድ ጋር የሚነጋገር ሰው ፊቱ ተቈራርጦ የሚታየው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስላነሰ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቍጥር ይጠይቅ።

ቀጥሎ የመጠኑ ነገር ነው። በአየር ከሚመጣው ብዙው በጊጋ ባይት ተለክቶ ይሸጣል። በ5 ሜጋ ቢት አንድ ሰዓት ፊልም ማየት ከ2 ጊጋ ባይት ትንሽ ይበልጣል። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚያይ ቤት በወር 135 ጊጋ ባይት ይጨርሳል ማለት ነው፤ ይህም የልጆቹ ስልክ ሳይቈጠር ነው። «ያልተገደበ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ የሚቀነስበት ውል አለና፥ መጠኑ ስንት ነው? ከቀነሰ በኋላስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሻጩ ቃል ይልቅ የጎረቤት ምስክርነት ይበልጣል። በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶች ምን ይጠቀማሉ? በክረምት ስንት ጊዜ ተቋረጠባቸው? ሲበላሽ በስንት ቀን ተጠገነላቸው? አንድ ድርጅት በቦሌ እጅግ ደኅና ሆኖ በጉለሌ ደካማ ሊሆን ስለሚችል፥ የጓደኛችን ምስጋና ለኛ ሰፈር ማስረጃ አይሆንም። በአየር የሚሠራውን ከመግዛት በፊት የዚያኑ ድርጅት ሲም ካርድ በእጅ ስልክ ውስጥ አስገብቶ፥ ሣጥኑ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ መፈተን መልካም ነው። ጧት የተፈተነ ነገር ለምሽት ዋስ አይሆንም። እኔን ያታለለኝም ሻጩ ሣጥኑን ያሳየኝ ከቀኑ በአራት ሰዓት፥ ያውም በመስኮት አጠገብ አቁሞ መሆኑ ነው።

የቤቱም አሠራር መታየት አለበት። ኢንተርኔት ወደ ቤት መግባቱና ዋይፋይ በየክፍሉ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጥንት አሠራር በወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ሞገዱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በጭንቅ ያልፋል። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ሩቅ ይደርሳል ግን ዝግ ይላል፤ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው ግን በግድግዳ ፊት ይሸነፋል። ስለዚህ ሣጥኑን በቍም ሣጥን ውስጥ ወይም በቤቱ መጨረሻ ጥግ መደበቅ አይገባም፤ በቤቱ መካከል ከፍ አድርጎ በግልጥ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ግቢው ሰፊ፥ ሰርቪስ ቤቱም የራቀ ከሆነ፥ ሁለተኛ መሣሪያ በሽቦ ስቦ መትከል ዋናውን ውል በውድ ከመለወጥ ይረክሳል።

ስለ መብራትም አስቀድሞ ማሰብ ነው። ራውተር የሚባለው ሣጥን የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ከ10 እስከ 15 ዋት ብቻ ስለ ሆነ፥ 100 ዋት ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ባትሪ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ባትሪዎች በገበያ አሉ፤ ሲገዙ ግን የሣጥኑንና የባትሪውን ቮልት ማስተያየት ያስፈልጋል። ሌላው ጥንቃቄ አንድ የእጅ ስልክ ሁልጊዜ ሞልቶ በታወቀ ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በአጠገቡም የፖሊስ 991፥ የእሳት አደጋ 939፥ የአምቡላንስ 907 ቍጥሮች በትልቁ ተጽፈው ይሰቀሉ።

አሁን የውሉ ነገር ይቀራል። ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ በየቀኑ የማየው ነገር ይህ ነው፤ ሰው የተጣላበትን ውል የሚያነበው ከተጣላ በኋላ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት እነዚህን ነገሮች በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ዋጋው ቀረጥን ይጨምራልን? የመጀመሪያው ወር የቅናሽ ዋጋ ከሆነ ከዚያ በኋላ ስንት ይሆናል? የመትከያው ዋጋ ማን ይከፍላል? ሣጥኑ የኛ ነው ወይስ የድርጅቱ? ቢበላሽ ማን ይለውጣል? በስንት ቀን ይጠገናል? ሳይጠገን የቆየበት ቀን ከሒሳቡ ይቀነሳልን? ውሉን ለመተው ብንፈልግ ስንት ወር አስቀድመን እንናገር? ቅሬታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ለራሱ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያቀርባል፤ መልስ ቢያጣ በዚያው በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ነገር ግን ማስረጃ የሌለው አቤቱታ ክንፍ እንደሌለው ወፍ ነውና፥ የተከፈለበትን ደረሰኝና ኢንተርኔቱ የተቋረጠበትን ቀን በደብተር መያዝ ይጠቅማል።

አሮጌውንም ስልክ መተው የራሱ ሥርዓት አለው። ሽቦውን ነቅሎ መጣል መዝጋት አይደለም። በጽሑፍ ካልተዘጋ ኪራዩ ሊቈጠርና ውዝፍ ሊሆን ስለሚችል፥ ቀርቦ ማመልከት፥ ያለውን ሒሳብ መክፈል፥ የመዝጊያውንም ወረቀት ተቀብሎ ማስቀመጥ ይገባል። በብዙ ቤት ደግሞ ስልኩ የተመዘገበው በሞቱት በአባት ወይም በአያት ስም ነው። እንዲህ ሲሆን የወራሽነት ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል፥ ወንድምና እኅት አስቀድመው ይነጋገሩ። አንዱ ተነሥቶ ብቻውን ቢያዘጋው ከስልኩ ይልቅ የዝምድናው መሥመር ይቈረጣል። ቍጥሩን ወደ አዲሱ አገልግሎት ማዛወር የሚቻል እንደ ሆነም ከመዝጋት በፊት መጠየቅ ነው። ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ጥያቄ ያለፈ ነገር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ግን የምመክረው ይህን ነው፤ አዲሱ ገብቶ ቢያንስ አንድ ወር ሙሉ፥ ቢቻል ከክረምቱ ዝናብ ጋር፥ ሳይፈተን አሮጌው አይዘጋ። የአንድ ወር ኪራይ በሁለት በኩል መክፈል ለጊዜው ከንቱ ወጪ ይመስላል፤ ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በዚያው ወር ውስጥ ለዘመድ፥ ለንስሓ አባት፥ ለሐኪም፥ ለእድር ዳኛ፥ ለልጆች ትምህርት ቤት አዲሱን ቍጥር ማሳወቅ ይገባል። በባሕር ማዶ ያሉትንም አለመርሳት ነው፤ በአሜሪካም በእስራኤልም በዐረብ አገርም ያሉት ልጆቻችን ብዙዎቹ ከአገራቸው ይዘው የሄዱት አንድ የቤት ቍጥር ነው። በስልክ መዝገብ ያልተጻፈ፥ በሰው ልብ ብቻ ያለ ቍጥር በማስታወቂያ አይታረም፤ አንድ በአንድ ደውሎ መንገር ያስፈልጋል።

በእኛ ቤት ነገሩ በመጨረሻ እንዲህ ተስተካከለ። ያንን ሣጥን ውሉ ሲያልቅ ተውሁት፤ ፋይበር ወደ ሰፈራችን ስለ ደረሰ ጎረቤቶቼን ጠይቄ፥ ሒሳቤን ጽፌ፥ 20 ሜጋ ቢት አስገባሁ፤ ትንሽ ባትሪም ጨመርሁበት። የቀድሞው ቍጥር ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚይዝ የጠረጴዛ ስልክ ገዝቼ በዚያው በሳሎኑ ጥግ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት፤ የራሱ ባትሪ ስላለው በጨለማም ይሠራል። ይህ ስልክ የማንም አይደለም፤ የቤቱ ነው። ከቤት ይዞት የሚወጣ የለም። ቍጥሩንም ታላቂቱ ልጄ በወረቀት በትልልቁ ጽፋ ለአክስቴ ላከችላቸው፤ እናቴም በልባቸው እስኪይዙት ድረስ በየማታው ይደግሙት ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ የመጣ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ተነሥተው በዳበሳ ሄደው አነሡት፤ አክስቴ ነበሩ፤ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ብዙ ሰዓት ተጫወቱ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ፈጣኑን ኢንተርኔት ለልጆቻችሁ ትምህርትና ለሥራችሁ ምረጡ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በምትመርጡበት ቀን የቤታችሁን ሰዎች ሁሉ በአሳባችሁ ቍጠሩ፤ በማስታወቂያው ላይ የማይታዩትን ሽማግሌዎች፥ በሩቅ አገር ሆነው ወደ ቤት የሚደውሉትንም ጭምር። ለነርሱም የሚሆን በር በቤታችሁ ሳይዘጋ እንዲቈይ እግዚአብሔር ይርዳችሁ።